አባቴ ከመካከል አይጀምሩም

ሰው እንኳ ሲሞት ያቃስታል። ያ ላፕቶፕ ግን ድምፅ የለ፣ ምልክት የለ፣ ድርግም ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ግድግዳው ላይ ካልተሰካ አይተነፍስም፤ መብራት ሄደ ማለት እሱም ሄደ ማለት ነው። የጠቆረው ስክሪን ላይ አፌን ከፍቼ የራሴን ፊት አያለሁ። ፊት ለፊቴ አባቴ ዝንቡን በጭራ እያባረሩ ገና እየተናገሩ ነው።

«አባባ፣ እባክዎ ይቆዩኝ። ጠፋብኝ።»

«ምኑ?»

«የጻፍሁት።»

«ኤዲያ! እንግዲያው ከራሱ እንነሣ» ይላሉና ጉሮሯቸውን ጠርገው ምዕራፉን እንደ አዲስ ይጀምሩታል። የጠፋችው የመጨረሻዋ ገጽ ብቻ ናት። እሳቸው ግን ለአንዲት ገጽ ብለው ከመካከል አይነሡም።

እንዲገባችሁ ከእሳቸው ልጀምር። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደቅ ደሴት ላይ የመጻሕፍት ትርጓሜ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው። ትርጓሜ ማለት የግእዙን ንባብ ወደ አማርኛ መመለስ ብቻ አይደለም። አንዱን ምስጢር ይነግሩና «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፤ ደግሞ «አንድም» ብለው ሌላ። ይህ ሁሉ በቃል ነው። ከመምህራቸው በጆሯቸው ተቀበሉት፤ ለተማሪዎቻቸው በአፋቸው ሰጡት። «ታትሞ ይሸጥ የለም እንዴ?» የሚሉኝ ብልሆች አሉ። አዎ፣ የታተመ አለ። አባቴ የያዙት ግን የደሴቱን ነው። ስለ ማዕበል የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ የእሳቸው መምህር፣ የመምህራቸውም መምህር፣ ታንኳ ላይ ሆነው በነፋስ እየተናጡ ያሰቡት ሐተታ አለ፤ እሱን የትም መደብር ብትዞሩ አታገኙትም። አሟልቶ የተቀበላቸው ተማሪም የለም። ግማሹ ሳይጨርስ ሄደ፣ ግማሹ አረፈ። እኔ ሴት ልጅ ነኝና ከተማሪዎቹ መካከል የምቀመጥበት ቦታ አልነበረም። ውኃ ቀድቼ ስመለስ ከአጥሩ ወዲያ ድምፃቸውን እሰማ ነበር፤ ቆም ካልሁ እናቴ ትጣራለች።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን በጀልባ አምጥቼ ባሕር ዳር እኔ ቤት አስቀመጥኋቸው። መጀመሪያ ጫማቸውን የት እንዳደረጉት ይረሱ ነበር። ቀጥሎ ምሳ መብላታቸውን። አንድ ቀን «ጀልባው መቼ ነው የሚነሣው? እናትሽ ትጠብቀኛለች» ሲሉኝ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋቸው። ሐኪሙም አልሸፋፈነልኝም። «ይህ መርሳት ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ዛሬ ያለው ነገ ላይኖር ይችላል» አለኝ።

ትርጓሜው ግን ገና ነበረ። ምሳቸውን የማያስታውሱ ሰው ጋቢያቸውን አስተካክለው በረንዳው ላይ ከተቀመጡ ምዕራፉ እንዳለ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። እንጀራዬ መጻፍ ነው፤ ሰው ሲናገር እኩል እጽፋለሁ። ስለዚህ ሳይጠፋ እጽፈዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ከቢሮ ስመለስ፣ ቅዳሜና እሑድም፣ እሳቸው እየተናገሩ እኔ እየጻፍሁ፣ ብዙውን ጨረስን። የቀረን የማዕበሉ ምዕራፍ ብቻ ነበር። ላፕቶፑም ጉዱን ያፈላው ልክ እዚህ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ነው።

ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መካሪ ይሆንብኛል። «በስልክ ቅጂው።» ሞከርሁ። ስልኩን ፊታቸው ሳስቀምጠው ዝም አሉ። «ማን ነው የሚቀበለኝ?» አሉኝ። ስልኩ ይይዘዋል ብላቸው፣ «እኔ ለዕቃ አላስተምርም» አሉ። በቃ። ደብቄ ሹራቤ ኪስ ውስጥ አደረግሁት፤ የተቀዳው የሹራቤ ኮሽታና የጎረቤት አውራ ዶሮ ነው። «በእጅ ጻፊው።» እሱንም ሞከርሁ፤ እሳቸው ሲፈጥኑ የራሴን ጽሕፈት መልሼ ማንበብ አቃተኝ። «ሴቭ አታደርጊም ወይ?» ይሄኛው ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል። ይህን ሁሉ ዘመን ጸሐፊ ሆኜ ሴቭ ማድረግ ጠፍቶኝ ነው? ያ ላፕቶፕ ሴቭ ሲሉት ክብ ነገር እያሽከረከረ ቁጭ ይላል፤ እስኪነቃ ድረስ አንድ ፊደል አይጽፍም። አባቴ ክቡን አያውቁት፣ አይጠብቁት። ስለዚህ ትንፋሽ እስኪወስዱ እጠብቃለሁ። መብራቱም ያችኑ ጊዜ ነው የሚጠብቃት።

ከራሱ መነሣታቸው ግትርነት አይደለም፤ ያደጉበት ነው። በእሳቸው ጉባኤ ተማሪ ሐረግ ቢዘል መምህሩ «ከራሱ» ይሉታል፤ ተማሪው ተመልሶ ከምዕራፉ መጀመሪያ ይነሣል። መካከል ገብቶ መቀጠል ነውር ነው። እኔም ይህን እያወቅሁ እናደዳለሁ። ምክንያቱም ከራሱ ሲነሡ ራሱን ደጋግሜ እጽፋለሁ፤ ደክሟቸው ወይም መብራት ሄዶ ጫፉ ላይ አንደርስም። ፋይሌ ውስጥ የማዕበሉ ምዕራፍ መጀመሪያ ስንት ጊዜ ተጽፎ ተቀምጧል! መጨረሻው አንድም ጊዜ የለም።

ጠጋኝ ያላሳየሁት መሰላችሁ? ባሕር ዳር ውስጥ ያልዞርሁበት ጥገና ቤት የለም። አንዱ «ማዘርቦርዱ ነው» ይላል። ሌላው «ማን ነው ማዘርቦርዱ ነው ያለሽ? ያታልሉሻል እኮ! ቻርጀሩ ነው» ይላል። ሦስተኛው ፎርማት ላድርገው ብሎ ሊያጠፋብኝ ሲል ከእጁ ቀማሁት። አንዱ አዲስ ባትሪ ገጠመልኝ። «ኦርጅናል ነው እናቴ፣ እኔ ልሙት» አለኝ። እሱ አልሞተም፤ ባትሪው ግን አብጦ ኪቦርዱን ከሥር ወደ ላይ ገፍቶት አረፈው። ባትሪውን አውጥተን ብንጥልም ኪቦርዱ አልዳነም። ሁሉም ቁልፍ ደኅና ሆኖ «መ»ን የምጽፍባት ብቻ አልነካ አለች። ከፊደል ሁሉ «መ»! «አንድም» በየመስመሩ ለሚመጣበት ሥራ! «አንድ»፣ «አንድ»፣ «አንድ» እያለ ይቆጥርልኛል። «ም»ን ከሌላ ቦታ እየቀዳሁ በየቃሉ ጫፍ ስለጥፍ አባቴ ሁለት ምስጢር አልፈውኝ ይሄዳሉ። ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝ።

ከዚያው ኩባንያ የገዛሁት ሦስተኛ ላፕቶፔ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ከሳሽም አስተዋዋቂም መሆን አልፈልግም። ቢሯችን የሚጠቀመው እሱን ነው፣ ጽሕፈት የተማርሁት በእሱ ነው፤ ሌላ ይኖራል ብዬም አስቤ አላውቅም። ሲበላሽ ያንኑ ደግሜ እገዛለሁ፤ ያው ይበላሽብኛል። ቢሮ ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጥ ባልደረባ አለኝ፤ በዕድሜ ያንሰኛል፣ በምላስ ግን ይበልጠኛል። እሱ የሌላ ብራንድ ሰው ነው። ላፕቶፑን እንደ እንቁላል አቅፎ ነው የሚዞረው። ጠዋት ጠዋት «እትዬ፣ በሽተኛሽ እንዴት አደረ?» ይለኛል፤ ላፕቶፑን ማለቱ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ በሽተኛ እንዳለኝ ስለሚረሳው አልቀየመውም።

«ሂድ ወዲያ» እለዋለሁ።

«እኔ የማዝነው ላንቺ ነው። የኔ ባትሪ ጠዋት ሞልቼው ማታ ድረስ ነው። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ምን አገባኝ! አንቺ ግን በዚያ ላይ ዕድሜሽን ጨርሺ።»

ከሁሉ ያሸነፈኝ «መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ምን አገባኝ» ያላት ናት። ለስንት ጊዜ መብራቱን ስለማመጥ ኖሬያለሁ! «አማርኛስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አለው! ምን የሌለው አለ?» አለኝ። በሳምንቱ እሱው ሱቅ ወስዶኝ ብራንዴን ቀየርሁ። ሱቁ ውስጥ «ሰላም» ብዬ ጻፍሁበት፤ ጻፈልኝ። እኔ ሞኟ ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቅሁም። ልቤ ባትሪው ላይ ነበራ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። የሚሰካ ገመድ የለ፣ የሚጠበቅ መብራት የለ፤ ታዲያ ቤት ምን ያስቀምጠናል? አባቴን በባጃጅ አድርጌ ሐይቁ ዳር ወሰድኋቸው። ጥላ ያለበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ወደ ደቅ የሚሄደው ጀልባ ጭነት እየሞላ ነበር። አባቴ ውኃውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ጀርባቸው ቀና አለ፣ ዓይናቸው ጠራ። «ነፋሱ ዛሬ ከወዲያ ማዶ ነው የሚመጣው፤ ከሰዓት በኋላ ይከፋል» አሉ። ለወራት እንዲህ ጥርት ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። እሰይ፣ ዛሬ ጨረስነው አልሁ በልቤ። አዲሱን ላፕቶፕ ጭኔ ላይ ከፈትሁት። ሴቭ ስለው ዓይኔን ሳልጨፍን ጨረሰ። ደስታ አላስቀምጥ አለኝ።

«በሉ አባባ፣ ዝግጁ ነኝ።»

ጀመሩ። እኔም ጣቶቼን ሰደድሁ፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን አማርኛም አይደል፣ ምንም አይደል። እኔ የለመድሁት የአማርኛ መጻፊያ እዚህኛው ላይ የለም፣ አይጫንምም። ይሄ የራሱ አጻጻፍ አለው። የእኔ ጣቶች እያንዳንዷን ፊደል ሳያዩ ነው የሚያውቋት፤ እዚህ ግን ሁሉም ቦታውን ለቋል። «ሐ» ስል «ሀ» ይላል። «ጸ» ስል «ሰ» ይሆናል። ሳድሱን ስፈልግ ግእዙ ይመጣል። ለቢሮ ደብዳቤ ቢሆን ግድ የለም፤ ለአባቴ ትርጓሜ ግን «ሐ»ን በ«ሀ» መጻፍ እሳቸው ፊት በጫማ ቤተ መቅደስ እንደ መግባት ነው። አንዷን ቃል አስተካክዬ ቀና ስል እሳቸው በትርጓሜው ጀልባው ላይ ደርሰዋል፤ ነፋሱ ተነሥቷል።

«አባባ፣ ይቆዩኝ እስቲ።»

ቆሙ። አፋቸውን ከፍተው ሐይቁን አዩ፣ ጣታቸውን አዩ። የት እንደነበሩ ጠፋባቸው። «ከራሱ» አሉና እንደገና ጀመሩ። ሁለተኛውም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ከዚያ በኋላ አላስቆማቸውም አልሁ፤ እየጻፍሁ የምችለውን ልያዝ ብዬ ዝም አልሁ። እሳቸውም ሄዱ። አቤት አካሄዳቸው! እንዲያ ያለ ቀን ዳግመኛ አላየሁም። ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን «አንድም» አመጡ፤ ስለ መቅዘፊያው፣ ስለ ቀዛፊው እጅ፣ ስለሚፈራውና ስለማይፈራው የሚል። ድምፃቸው እንደ ድሮው ከአጥር ወዲያ የሚሰማ ሆነ። መንገደኛ እየቆመ ሰማቸው። እኔ ብቻ፣ ልጃቸው፣ እጄ ሽባ ሆኖ «ሀ» እና «ሐ» ስፈልግ ነበርሁ።

ሲጨርሱ ወደ እኔ ዘወር አሉ። «ያዝሽው?»

ስክሪኑን አየሁት። የተሰባበሩ ቃላት፣ የማይገናኙ ፊደላት። «አልያዝሁትም! ምኑን ልያዘው? የመቅዘፊያውን ብቻ ይድገሙልኝ አባባ፤ እሱን ብቻ፣ ከመቅዘፊያው ጀምረው።»

«ከራሱ ነው እንጂ ልጄ።»

«አንድ ጊዜ እንኳ ከመካከል ቢጀምሩልኝ ምን ይሆናል? ሰማይ ይወድቃል?» ቱግ አልሁ። አጠገባችን ፎቶ ይነሡ የነበሩ ልጆች ዘወር ብለው አዩን።

አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ መካከሉን አላውቀውም ልጄ» አሉኝ። «ከራሱ ስነሣ አንዱ አንዱን ይጠራልኛል። መካከል ላይ ብታቆሚኝ እጠፋለሁ።»

እጃቸውን ይዤ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋቸው። ቤት ሲደርሱ የት ሄደን እንደነበር ጠየቁኝ።

ያን ዕለት ማልቀስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ንዴቴን ላፕቶፑ ላይ ልወጣ ቁጭ አልሁ። የድሮውን ፋይል በፍላሽ አምጥቼ አዲሱ ላይ ከፈትሁት፤ ቢያንስ እስከ ዛሬ የደከምሁበት ይታየኝ ብዬ። ጉዴ ፈላ! ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የፈረንጅ ፊደል፣ ጥያቄ ምልክት፣ ቅንፍና ነጠብጣብ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል የለም። በድሮው መጻፊያ የተጻፈ ያለ ድሮው መጻፊያ አይነበብም ለካ። ይህን የነገረኝ ማንም የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ «ሰላም» ሲል ጊዜ ልቤ ረግቶ።

ሰኞ ባልደረባዬን ያዝሁት። «ምን የሌለው አለ አላልኸኝም?»

«ይስተካከላል፣ እትዬ። የሚቀይር ነገር አለ።»

የሚቀይረውን ነገር አመጣና ቀየረው። ግማሹ አማርኛ ሆነ፤ ግማሹ ሌላ ጣጣ። «ቅዱስ» የነበረው ምን ሆኖ እንደወጣ አልናገርም፤ አባቴ ቢያዩት ጠበል ያስረጩኝ ነበር። ልመልሰው ሱቅ ሄድሁ። ባለ ሱቁ «ዕቃው ምን ሆነ?» አለኝ። ምንም አልሆነም። እውነቱን ነው፤ ምንም አልሆነም፤ እንከን የለበትም። «ታዲያ ምኑን ነው የምመልስልሽ?» ብሎ አሰናበተኝ። የተበላሸ ዕቃ ይዞ መናደድ ያባት ነው። ደኅና ዕቃ ይዞ መናደድን ግን ለማንም አስረድቼ አላውቅም።

ሌላ መላ ስላልነበረ የድሮውን ሬሳ ተሸክሜ ቢሮ ወሰድሁት። ባትሪ የለ፣ «መ» የለ፣ ግን ለማተም «መ» አያስፈልግም። በምሳ ሰዓት መብራት እያለ የጻፍሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ አተምሁት። የማዕበሉ ምዕራፍም ራሱ ብቻ፣ ማዕበሉ ሊነሣ ሲል ድረስ፣ ታተመ። ከዚያ ወረቀቱን እያየሁ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ መገልበጥ ጀመርሁ። በዚህ አንድ ሥራ ሁለት ነገር አሰብሁ፤ የተጻፈው ይተርፋል፣ ጣቶቼም አዲሱን አጻጻፍ ይለምዳሉ።

ጣት ግን ቶሎ አይሰማም። ስንት ዘመን የለመድኸውን ረስተህ ሌላ ተማር ስለው እንደ በቅሎ ይለግማል። ፊደል በፊደል እየለቀምሁ፣ እያጠፋሁ፣ እየተሳደብሁ ክረምቱን ሙሉ ገለበጥሁ። አባቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ አልቀሩም። ከሰዓት በኋላ ስመጣ ጋቢያቸውን አስተካክለው በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። «ዛሬስ ዝግጁ ነሽ?» ይሉኛል።

«ገና ነኝ፣ አባባ። ጥቂት ይታገሡኝ።»

«ግድ የለም» ይላሉ። ቁጭ ብለው ዝናቡን ያያሉ። ፈርቼ ነበር እኮ። ደግሞ ይቆዩኝ ብዬ መካከል ላይ አቁሜ እንዳላጠፋቸው ፈርቼ ነበር። አሁን አሁን ሳስበው፣ ቢሰባበርስ? እየተሰባበረም ቢሆን መጻፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ሙሉውን ፈለግሁ። በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ይመስለኛል፣ ስመጣ በረንዳው ባዶ ነበር። ውስጥ ተኝተው አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ዝግጁ ነሽ ወይ ብለውኝ አያውቁም።

መስከረም ሲጠባ ጣቶቼ ተገዙልኝ። ቢሮ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ እየተናገረ በአዲሱ ላፕቶፕ እኩል ጻፍሁ፤ ባልደረባዬ አጨበጨበልኝ። በዚያው ቅዳሜ አባቴን አጥቤ፣ ነጭ ጋቢ አልብሼ፣ በረንዳው ላይ አስቀመጥኋቸው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ሄዷል። ምን አገባኝ! ባትሪዬ ሙሉ ነው። «ሐ» በቦታው፣ «ጸ» በቦታው፣ «መ» በቦታው። ሁሉ ነገር ተሟልቶልኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ተሟላልኝ።

«በሉ አባባ፣ ዝግጁ ነኝ። የማዕበሉን። ከራሱ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የግእዙን የመጀመሪያ ቃል አሉ። ቀጠል አደረጉና ቆሙ። ጠበቅሁ። ጣቶቼ ቁልፉ ላይ ናቸው። ደግመው የመጀመሪያውን ቃል አሉ፤ እንደገና ቆሙ። ራሱም ጠፍቶባቸው ነበር።

እኔ እነሣላቸዋለሁ አልሁ። እንደ ተማሪ ላንብብላቸውና አንዱ አንዱን ይጥራላቸው ብዬ የጻፍሁትን ከራሱ ጀመርሁ። ንባቡን፣ ትርጓሜውን፣ «አንድም»ን፣ ሌላውን «አንድም»፣ ልክ እሳቸው በሚሉት ዜማ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መጣላቸው አልሁ። ነፋሱ ሊነሣ ሲል፣ ፋይሌ የሚያልቅበት ጋ ደርሼ ቆምሁ።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ቀጥዪ እንጂ።»

«ከዚህ ወዲያ የለኝም።»

«ለምን?»

«አልተቀበልሁትም።»

ትክ ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ መደነቅ ነው ያለው። «ደኅና ተምረሻል» አሉኝ፤ «ሴት ልጅ እንዲህ ስትተረጕም ሰምቼ አላውቅም። ከማን ነው የተቀበልሽው?»

«ከአንድ መምህር» አልሁ፤ «ደቅ ላይ።»

«ደቅን እኔም አውቀዋለሁ። ያስተማሩሽም ታላቅ መምህር ናቸው። በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ፤ ይህን ጊዜ ቆጣ አሉ። «ሳይደክሙ ሂጂና የቀረሽን ተቀበያቸው።»